በእርሳስ የተሰረዘችው ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መልእክት ላከችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ለሕክምና ተማሪዎች የስኮላርሺፕ ገንዘብ እያሰባሰበች ነው። «ጋሼ፣ ሰው ይበልጥ እንዲሰጥ የትኛው ተማሪ ታሪኩን ቢናገር ይሻላል?» ትላለች። ቪዲዮም አያይዛለች።

ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ፤ መልሱንም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ጥቂት ሐኪሞች ነበርን። አዳራሽ ተገኘ፣ እንግዳ ተጠራ፣ የሚናገር ተማሪ ግን ጠፋ። እኔ አንዲት የ3ኛ ዓመት ተማሪ አመጣሁ። ጎበዝ፣ ዝምተኛ፣ ሕመምተኛ ስታነጋግር ወንበር ስባ አጠገቡ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ንግግሩን ራሴ ጻፍኩላት። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች እንዳስተማረቻት የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለበት። በማግስቱ ወረቀቱን ስትመልስልኝ ያቺን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ፣ በስሱ ሰርዛታለች። «ይሄ ባይኖርስ?» አለችኝ። «ገንዘቡን የሚያመጣው እኮ እሱ ነው» አልኳትና በእስክሪብቶ መልሼ ጻፍኩት።

አነበበችው። እዚያ ቦታ ስትደርስ ድምጿ አልተለወጠም፤ ዓይኗ ብቻ ወደ ወለሉ ወረደ፣ ንግግሩ እስኪያልቅም ቀና አላለችም። ሰው አለቀሰ። ቃል የተገባልን ገንዘብ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። እኔ የዚያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከለጋሾቹ አንዱ ዘመዱን ሊጠይቅ ሕመምተኞች የሚተኙበት ዋርድ መጣ። እሷ ጋውኗን ለብሳ የአንድ አዛውንት ደም ግፊት እየለካች ነበር። «አንቺ! የልብስ አጣቢዋ ልጅ አይደለሽ?» አላት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ክፋት የለበትም፣ በኩራት ነው የተናገረው። እሷ ምንም አልመለሰችም። ጨርቁን ከአዛውንቱ ክንድ ላይ ፈታች፣ እንደገና አሰረች፣ እንደገና ለካች። ቁጥሩ ጠፍቷት ነበር።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስኮላርሺፑን ተወችው። ማታ ማታ ልጆች እያስጠናች፣ ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። ዛሬ ስብሰባ ላይ ስንገናኝ በአክብሮት ሰላም ትለኛለች፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም። ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም።

በ2024 ሩት ጎተስማን የሚባሉ ሴት ድሮ ፕሮፌሰር ለነበሩበት፣ ኒውዮርክ ለሚገኘው የአልበርት አንስታይን ሕክምና ኮሌጅ 1 ቢሊዮን ዶላር ሰጡ። የተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ ቀረ። እሳቸው ግን ኮሌጁ በስማቸው እንዳይጠራ ጠየቁ። ዜናውን ሳነብ ትዝ ያለችኝ ያቺ ልጅ ናት። የሰጪው ስም ይቅር ሲባል ይቀራል፤ የተቀባይዋን እናት ሥራ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማ።

ታሪክ ከነጭራሹ አይነገር እያልኩ አይደለም። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ያለ እሷ ንግግር የዚያን ዕለት ግማሹንም አናገኝም ነበር፤ በዚያው ገንዘብ ሌሎች ሁለት ልጆች ተመርቀውበታል። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ ማስታረቅ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

የደረሰኝና የሒሳብ ምርመራ ነገር አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ግን ትቸኩላላችሁ። በስልክ በአንድ ሌሊት የምታሰባስቡትን እኛ በዓመት አናገኘውም ነበር፤ ቪዲዮ ግን አንዴ ከወጣ የሚሰርዘው እርሳስ የለም።

አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። በየወሩ ትንሽ ገንዘብ በፖስታ አድርገው ያመጡልኝ ነበር። ተማሪው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። «ስንተኛ ዓመት ደረሰ?» ብቻ ይላሉ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር። ሕክምና እንደየአገሩ 5፣ 6፣ አንዳንድ ቦታም 7 ዓመት ይፈጃል። ለ1ኛ ዓመት ተማሪ ገንዘብ ማግኘት ቀላል ነው፤ ዋርድ ገብቶ ተረኛ ሆኖ ሲያድር፣ ትራንስፖርቱና የፈተና ክፍያው ሲደራረብበት ግን ዘመቻው ተረስቷል። እስኪመረቅ የሚያደርሰው ገንዘብ ሳይኖራችሁ ማንንም ተማሪ አትጥሩ። 10 ልጅ ጀምራችሁ መንገድ ላይ ከምትተዉ 3 ልጅ አስመርቁ። በየወሩ ትንሽ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ፣ እሱን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ያዙት።

ልጄ፣ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየሁት። ልጁ ስለ አባቱ ሲናገር ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ከመቅረጻችሁ በፊት ይቅርብኝ ያለው ነገር ነበር ወይ? እሱን ጠይቂውና ጻፊልኝ።