«ሽሩድ» ስድብ ነው ወይስ ምስጋና?

ሰላም እህቴ። አለቃሽ የዓመቱ ግምገማሽ ላይ በእንግሊዝኛ «በድርድር ሽሩድ (shrewd) ናት» ብሎ እንደጻፈ ነግረሽናል። መዝገበ ቃላት ስታዪ ደግሞ «ብልጥ፣ ተንኮለኛ» የሚል አገኘሽ። ሰድቦኝ ይሆን? ቃሉስ ከየት መጣ? ብለሽ ጠይቀሻል። መጀመሪያ ተረጋጊ፤ አመስግኖሻል። መዝገበ ቃላትሽም ቢሆን ዝም ብሎ አልዋሸም።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የሰፈራችን አባት ለወንድማቸው ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እሳቸው በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። «ብልህ ልጅ ነው በልልኝ» አሉ። መዝገበ ቃላት ገልጬ «ካኒንግ» (cunning) የሚለውን ጻፍኩ። በማግስቱ ቀጣሪው ደወለ። ገንዘብ መቀበያው ላይ ላስቀምጠው የነበረውን ልጅ አታላይ ነው እያላችሁኝ ነው? አለኝ። አስረዳሁት፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አዲስ ደብዳቤ ላክሁ። ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልጁ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቃላትን የኋላ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ቃል እንምጣ። በእንግሊዝኛ «ሽሩ» (shrew) የምትባል ትንሽ እንስሳ አለች። አይጥ ትመስላለች፣ ከአይጥ ወገን ግን አይደለችም። አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ ነፍሳት እየለቀመች የምትኖር ናት። የጥንት እንግሊዞች በጣም ይፈሯት ነበር። ንክሻዋ መርዝ ነው፣ በከብት ጀርባ ላይ ከሄደች ከብቱ ይሽመደመዳል ይሉ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ክፉ ሰው በዚህችው ስም ይጠራ ጀመር። «ሽሩድ» የተወለደው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ ክፉ፣ ጠማማ፣ አደገኛ ማለት ነበር። በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ ሌሊት ጥበቃው ላይ ቆመው አየሩ «ሽሩድሊ» ይነክሳል ይባላል። አየር መቼም ብልጥ አይሆንም። ክፉኛ ይነክሳል ለማለት ነው።

ታዲያ ክፉ የነበረው እንዴት ምስጋና ሆነ? ክፉ ሰው ተንኮል ያውቃል። ተንኮል የሚያውቅ ደግሞ በቀላሉ አይታለልም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ወደ «ተንኮል አዋቂ» ዞረ። ቀስ በቀስ ክፋቱ እየለቀቀ ሄደና ንቃቱ ብቻ ቀረ። ነገሩን እስከ ሥሩ የሚያይ፣ ሰው የሚመዝን፣ በገበያ የማይሸወድ ማለት ሆነ።

የእኔ «ካኒንግ» ደግሞ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ እኔን ሁሌ የሚገርመኝም ይሄ ነው። ሥሩ «ማወቅ» ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተማረ፣ እጁ የተፈታ ባለሙያ ማለት ነበር። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዳዊት በገና አዋቂ መሆኑ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። ዛሬ ግን አንድን ሰው «ካኒንግ» ካልሽው በአብዛኛው አታላይ፣ መሰሪ ማለትሽ ነው። አንዱ ከክፋት ወጣ፣ ሌላው ከሙያ ወረደ። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጣቸው ነው ሰው የሚሳሳተው።

ማቴዎስ 10፥16ን ታስታውሺ ይሆናል። በአማርኛው «እንደ እባብ ልባሞች» ይላል። የ1611ዱ እንግሊዝኛ «ዋይዝ» (ጥበበኛ) ሲል፣ ከዘመናዊዎቹ ትርጉሞች አንዱ «ሽሩድ» ብሎታል። የድሮ ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ ቢኖር ኖሮ ማንም ተርጓሚ እዚያ ቦታ ላይ አይደፍረውም ነበር። «ልባም» የሚለው አማርኛችን በጣም ያምራል። ለ«ሽሩድ» ጥሩ ጎን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ችግሩ እኛ ጋ «ብልህ» እና «ብልጥ» ተለያይተዋል። ብልህ ለራሱም ለሰውም ያስባል። ብልጥ ሲባል ግን አንድ እጃችንን ኪሳችን ላይ እናደርጋለን። «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» የሚባለውም ለዚህ ነው። «ሽሩድ» በሁለቱ መሃል ቆሞ ወደ ብልህ ያዘነበለ ነው። ትንሽ ቅዝቃዜ ግን አለው። ነጋዴ፣ ፖለቲከኛ፣ ተደራዳሪ፣ ጠበቃ «ሽሩድ» ይባላል። እናትሽን ስታመሰግኚ ግን ይህን ቃል አታነሺውም፤ ስለ ደግነት ምንም አይናገርምና።

(«ሳቪ» (savvy) የሚለውን ሌላ የእንግሊዝኛ ቃልም በኮሜንት የጠየቀ ሰው አለ። የመጣው ከስፓኒሽ ወይም ከፈረንሳይኛ «ታውቃለህ?» ከሚለው ነው፣ በካሪቢያን ፒጂን፣ ማለትም በቅይጥ የመግባቢያ ቋንቋ በኩል። ናይጄሪያዊ ጓደኛ ያለው ሰው «ሳቢ» ሲል ሰምቶት ይሆናል፤ ከዚያው ዘር ነው። ከአማርኛ «አራዳ» ይቀርበዋል።)

ስለዚህ አጠገቡ የቆመውን ቃል እዪ። አለቃሽ የጻፈው ስለ ድርድር ነው፤ አንቺ ደግሞ ሥራሽ ዕቃ ግዢ ነው። ሻጭ አያሞኛትም፣ ዋጋ ታውቃለች ማለቱ ነው። ሄደሽ «ለምን ሰደብከኝ» እንዳትዪው፣ አደራ። ሲቪሽ ላይ ግን ራስሽ ስለራስሽ «ሽሩድ ነኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ ይህ ሌላ ሰው ሲልልሽ ነው የሚያምረው። ይልቅ የግምገማውን ኮፒ አስቀምጪው። ሌላ ቦታ ስታመለክቺ አለቃሽ የጻፈውን እንዳለ፣ በስሙ ታቀርቢዋለሽ።