ጥያቄና መልስ፦ ዕፅ በሚወሰድበት ማእከል መሥራት በኃጢአት መተባበር ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ነርስ ነኝ። የምሠራው የሱስ ችግር ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ይዘው የመጡትን አደንዛዥ ዕፅ በባለሙያ ክትትል ሥር በሚወስዱበት ማእከል ነው። የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ፒየር ፖሊየቭር እነዚህን ቦታዎች «የዕፅ ዋሻ» ብለው የተናገሩት ንግግር በማኅበራችን አባላት ዘንድ ሲዘዋወር አንዲት እኅት «አንቺም እኮ ለዲያብሎስ መርፌ አቀባይ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ወደሙን መቀበል ፈራሁ። ሥራዬን ልተው? ሰውየውስ ትክክል ናቸው? ራሳቸውን የሳቱትን ሰዎች አማትቤባቸው መጸለይስ እችላለሁ? ወለተ ሥላሴ ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሥላሴ፣ እንዲህ የሚፈራው ቅዱስ ቁርባንን የሚያከብር ሰው ነውና ፍርሃትሽን አላቃልለውም። መልሱን ግን አላዘገይብሽም፦ ሥራሽ ኃጢአት አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት ከቁርባን አትራቂ።

በኃጢአት መተባበር ማለት የሌላውን በደል ወድዶና ፈቅዶ መንገዱን መጥረግ ነው። በአንቺ ቦታ የሚሆነውን እንመልከት። ሰውየው ዕፁን ከውጭ ይዞ ይመጣል። አትሸጪለትም፣ አትገዢለትም፣ አትወጊውም። የምትሰጪው ንጹሕ መርፌ ነው፤ እኅታችንም የነቀፈችሽ በእርሱ ነው። መርፌው ግን ሱሱን አልፈጠረውም። ባትሰጪው ሌላው የተወጋበትን ከመሬት አንሥቶ ይወጋበታል፤ ኤችአይቪንና የጉበት በሽታን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል፤ ሱሱም አይቀርለትም። ከወሰደ በኋላ ደግሞ ትጠብቂዋለሽ። ፌንታኒል የተባለው ብርቱ ዕፅ የሚገድለው ትንፋሽን በማፈን ነው። አንገቱ ሲዘነበል፣ ከንፈሩ ሲበልዝ ትከሻውን ነቅንቀሽ በስሙ ትጠሪዋለሽ፤ ትንፋሹን ትቆጥሪያለሽ፤ ኦክስጅን ታደርጊለታለሽ፤ ካልበቃው የዕፁን ኃይል የሚሽረውን መድኃኒት፣ ናሎክሶንን ትወጊዋለሽ። ሲነቃ ብዙውን ጊዜ ተቆጥቶ ነው፤ መድኃኒቱ ስካሩን በአንድ ጊዜ ስለሚነጥቀው ምስጋና አይቀድመውም። አንቺ ግን ትናንት የሰደበሽን ዛሬም እንዲነቃ ታደርጊዋለሽ። ይህን ለዲያብሎስ ማገልገል ነው የሚል ሰው የትኛውን መጽሐፍ እንዳነበበ እኔ አላውቅም።

እኔ ባነበብሁት በነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 33 እግዚአብሔር ኃጢአተኛው ከመንገዱ ተመልሶ በሕይወት እንዲኖር እንጂ እንዲሞት እንደማይፈቅድ በራሱ ሕያውነት ምሎ ይናገራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ ፍሬ ያጣችው በለስ ልትቆረጥ ሲታዘዝ፣ አትክልተኛው ዙሪያዋን እስክኮተኩት ድረስ ለዚህች ዓመት ደግሞ ተዋት ብሎ ይለምናል። ፍሬ እንደሌላት አልካደም፤ የለመነው ጊዜ ነው። ንስሐ የሚገባው በሕይወት ያለ ሰው ነው። አንቺም ለእነዚያ ሰዎች በእጅሽ የምትሰጪያቸው የንስሐ ዕድሜን ነው።

ወደ ፖለቲከኛው ልምጣ። ሚስተር ፖሊየቭር ያንን ቃል የተናገሩት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በሞንትሪያል፣ በአንድ ትምህርት ቤት አቅራቢያ ከሚገኝ ማእከል አጠገብ ቆመው ነበር። በትምህርት ቤቶችና በመጫወቻ ሥፍራዎች አካባቢ ያሉትን እንደሚዘጉ፣ ገንዘቡንም ወደ ማገገሚያ ሕክምና እንደሚያዞሩ ተናገሩ። በ2025 የምርጫ ዘመቻቸውም ለ50,000 ሰዎች የሕክምና ወጪ እንሸፍናለን ብለው ነበር፤ ምርጫውን ግን ፓርቲያቸው አላሸነፈም። በአንቺ ክፍለ ግዛት ደግሞ የዳግ ፎርድ መንግሥት ከትምህርት ቤትና ከሕፃናት ማቆያ በ200 ሜትር ውስጥ የሚገኙ 10 ማእከላት እስከ መጋቢት 2025 መጨረሻ እንዲዘጉ ወስኗል።

ይህን አቋም የያዘ ሰው ሁሉ ጨካኝ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። በ2023 በቶሮንቶ ከእንዲህ ዓይነት ማእከል አጠገብ ዕፅ ሻጮች ሲታኮሱ የሁለት ልጆች እናት የሆነች መንገደኛ በተባራሪ ጥይት ሞታለች። ልጁን በጠዋት እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ሲያደርስ መሬት ላይ መርፌ የሚያይ አባት «ይህ ከዚህ ይነሣልኝ» ቢል መብቱ ነው። አንቺም በማእከሉ ደጃፍ የሚሆነውን አላይም ልትዪ አይገባሽም። ሻጭ በበሩ ሲቆም ዝም ማለት፣ ያ በእውነት መተባበር ነው።

እኔ ከሚስተር ፖሊየቭር የምለየው ሕክምናንና ክትትልን አንዱን ምረጡ ያሉ እንደሆነ ነው። ማገገሚያ እንዲስፋፋ መጠየቃቸው መልካም ነው። «ልተው ነው፣ እርዱኝ» ያለ ሰው አልጋ እስኪያገኝ ሳምንታት ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን አልጋው እስኪገኝ ድረስ በሕይወት የሚያቆየው ማን ነው? በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በእነዚህ መርዞች ከ50,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በቫንኩቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተውን፣ እንደ አንቺ ያለውን ኢንሳይት የተባለ ማእከል ተመልከቺ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የስቲቨን ሃርፐር መንግሥት ሊያስቆመው ሲፈልግ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2011 ዘጠኙም ዳኞች ሥራው እንዲቀጥል በአንድ ድምፅ ወሰኑ። በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት በማእከሉ 500 ሜትር ዙሪያ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው ሞት በ35 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ በተቀረው የከተማው ክፍል ቅነሳው 9 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ሱስ ማስወጫ ክፍል ተከፍቷል። ታች የዳነው ሰው ልቡ ሲመለስ ደረጃ መውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ እንደሚችሉ ይህ ያሳያል።

ስለ ምርጫ፦ ቤተ ክርስቲያን የፓርቲ ካርድ አታድልም። ምእመኑ ማእከሉ ከትምህርት ቤት ይራቅ ብሎ ቢመርጥ አይወገዝም፤ ይቆይ ብሎ ቢመርጥም እንዲሁ። የፖለቲከኛን ንግግር አንሥቶ እኅቱን በማኅበር መካከል የሚያሳፍር ግን ንስሐ ያስፈልገዋል። «ዋሻ» በተባለው ቤት የሚቀመጡት ክርስቶስ የሞተላቸው ሰዎች ናቸውና። ከመካከላቸው የእኛም ልጆች አሉ። ልጁ በሱስ ሲወድቅ «አገር ቤት ሄዷል» እያሉ የሚሸሽጉ ወላጆች ስንት ናቸው! ልጁን ጸበል ይዘውት ሊሄዱ ሲችሉ፣ ሐኪም ጋር ሊያደርሱት ሲችሉ፣ የሰው ወሬ ፈርተው ብቻውን በሩን ዘግቶ እንዲወስድ ይተዉታል። በዕፅ የሚሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ ብቻቸውን ሲወስዱ ነው።

አንቺ ግን ሁለት ነገር ጠብቂ። አንደኛ፣ ልማድ ልብሽን አያደንድነው፤ «ምንም አይደል» እያልሽ ድርጊቱን አታቃልዪ፤ ሥጋው የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ሊሆን የተፈጠረ ነውና። የሚታከምበትን ቦታ ስልክ ሁልጊዜ በእጅሽ ያዢ፤ ልቡ የሚከፈትበት ሰዓት አጭር ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ኅሊናሽ ለንስሐ አባትሽ ሁሉን ንገሪ። እርሳቸው ሥራሽን በቅርብ ያውቃሉ፤ ድካምሽንም ይመዝናሉ። ድካም በዝቶብሽ ሌላ ክፍል ብትቀይሪ ነቀፋ የለበትም፤ ሰው ስላወራብሽ ግን አትልቀቂ።

ስለ ማማተብ ጠይቀሻል። ሰው ትንፋሽ ባጣ ሰዓት እጅሽ ለኦክስጅኑ ይሁን፤ ልብሽ «አቤቱ ማረው» ይበል። ፈቃዱን ሳትጠይቂ በላዩ አታማትቢ፤ ነቅቶ «ጸልዪልኝ» ካለሽ ግን በደስታ ጸልዪለት። ክርስቲያን ከሆነና የክርስትና ስሙን ከነገረሽ በቅዳሴ ጊዜ ስለ ሕሙማን ሲጸለይ አስቢው። ካልተጠመቀም በግል ጸሎትሽ ስሙን ጥሪ፤ ይህን የሚከለክል ሥርዓት የለም። በሚመጣው እሑድ ንስሐ አባትሽን አግኝተሽ ተዘጋጂና ቁረቢ።