ቶኪዮ አዲስ ለገባችሁ፦ ወረቀቱን ቶሎ ጨርሱና ስለ ልጆቻችሁ እናውራ

አንድ ሐበሻ ቶኪዮ በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ቤት እንዴት ይገኛል? ጤፍ የት ይሸጣል? ሲም ካርድ ማን ያወጣልኛል? ጥያቄው ሁሌም ያው ስለሆነ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ምሳሌዬ ሁሉ ከካትሱሺካ ወረዳ ነው፤ ዮትሱጊና አካባቢው ወገን በርከት ብሎ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ አብዛኞቻችሁም ዞሮ ዞሮ መምጫችሁ እዚያው ነው። ቆጣ ካልኩም ታገሡኝ። ብዙ ሰው በአንድ ዓይነት ጉድጓድ ሲወድቅ አይቻለሁ።

1. ወረቀት

አውሮፕላን ማረፊያ የተሰጣችሁ የነዋሪነት ካርድ ከኪሳችሁ አይለይ፤ ይዞ መንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ቤት በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ወረዳ ጽሕፈት ቤት (እዚህ "ኩያኩሾ" ይሉታል) ሄዳችሁ አድራሻችሁን አስመዝግቡ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የጤና መድን ካላስገባችሁም እዚያው ግቡ። መድን ካላችሁ የሕክምናውን 30 በመቶ ብቻ ነው የምትከፍሉት። "እኔ ጤነኛ ነኝ" እያላችሁ ክፍያውን አትዝለሉ። ግብር፣ መድንና ጡረታ በወቅቱ ያልከፈለ ሰው፣ ቋሚ መኖሪያ ልጠይቅ ሲል ያ ነገር ከፋይሉ ይመዘዝበታል። ጡረታ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከፍላችሁ አገሩን ለቃችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት አትርሱ፤ የተወሰነው ይመለስላችኋል። ተማሪዎች፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ አትሥሩ። "ማን ያያል?" የሚላችሁን አትስሙ፣ ይታያል።

2. ቤትና ጎረቤት

ቤት ስትከራዩ የመጀመሪያው ክፍያ ያስደነግጣል። ተቀማጩ አለ፣ ለአከራዩ የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብ አለ፣ የደላላው አለ፣ የዋስ ድርጅቱ አለ። ሲደመር የአራት የአምስት ወር ኪራይ ይሆናል። ስለዚህ ከአገር ስትነሱ ይህን አስባችሁ ተነሡ፣ መጥታችሁ ሰው አታስጨንቁ።

ከገባችሁ በኋላ ትልቁ ፈተና ቆሻሻ ነው። አልቀልድም። የሚቃጠለው በሳምንት ሁለት ቀን ይወጣል፤ ፕላስቲኩም፣ ጠርሙሱና ቆርቆሮውም ሌላ ቀን አላቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ውስጡ በሚታይ ፌስታል፣ ከመረቡ ሥር መቀመጥ አለበት። መረቡን በደንብ ካልሸፈናችሁት የቶኪዮ ቁራ ፌስታሉን ይዘረግፈዋል። የዶሮ ወጥ አጥንትና እንጀራ አስፋልት ላይ ተበትኖ፣ የጎረቤታችን ባልቴት ጓንት አጥልቀው ጎንበስ ብለው ሲለቅሙት ያየሁበት ጠዋት አለ። ለማንም አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አከራዩ ደወለ። እዚህ አገር ሰው ዝም ሲላችሁ ተስማምቷል ማለት አይደለም። ዝም ባሏችሁ ጊዜ ዞር ብላችሁ ምን አጥፍቼ ነው በሉ።

ባቡር ውስጥ በስልክ አታውሩ። ድምፃችንን እኛ ራሳችን አንሰማውም እንጂ ፉርጎው ሙሉ ይሰማዋል። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሆነ ሰዓታችሁን እዩ። ከጎረቤት ጋር ግን ተዋወቁ፤ እንደገባችሁ ትንሽ ነገር ይዛችሁ በር አንኳኩ። ሽማግሎቹ ከኢትዮጵያ ነኝ ስትሏቸው ፊታቸው ይፈካል፣ "አበበ!" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ ከገባም በኋላ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ በልጅነታቸው አይተዋል። ይህን ታሪክ ያዙት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

3. መንቀጥቀጥና ጎርፍ

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ጋር እሰሩት። ምድር ሲንቀጠቀጥ ወደ ውጭ አትሩጡ፣ ጠረጴዛ ሥር ግቡ። ካትሱሺካ በወንዞች መካከል ያለ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ የወረዳውን የጎርፍ ካርታ ከመዝጊያችሁ ጀርባ ለጥፉት። አምቡላንስና እሳት አደጋ 119፣ ፖሊስ 110 ነው፤ በትልቅ አደጋ ጊዜ ለቤተሰብ የድምፅ መልእክት የሚተውበት ደግሞ 171። በር ሥር በምታስቀምጡት ቦርሳ ውስጥ ውሃና በሶ አድርጉ፤ በሶ አይበላሽም፣ እሳትም አይፈልግም። ቋንጣ ግን ከአገር ይዛችሁ አትምጡ፤ ያለ ምርመራ ወረቀት ሥጋ ማስገባት ክልክል ነው።

4. ልጆቻችሁ

እስካሁን ያልኩትን ብትረሱት ወረዳው ደብዳቤ እየላከ ያስታውሳችኋል። ይህን የሚያስታውሳችሁ ግን የለም።

ከሁለት ኢትዮጵያውያን እዚህ የተወለደ ልጅ ጃፓናዊ አይሆንም። መወለዱን በ14 ቀን ውስጥ ለወረዳው ታሳውቃላችሁ፣ በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ሄዳችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ታመለክቱለታላችሁ፣ ፓስፖርቱን ከኤምባሲያችን ታወጡለታላችሁ። በወረቀት ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ታዲያ አማርኛው የት አለ?

የሚሆነውን ልንገራችሁ። እናትም አባትም ይሠራሉ፣ ልጁ ገና ዳዴ ሲል መዋያ ይገባል፣ ማታ ሲመጣ በጃፓንኛ ያወራል። እናቱ ደክሟታል፣ ባላት ሦስት አራት ቃል በጃፓንኛ ትመልስለታለች። ደስም ይላታል፣ ቋንቋ የተማረች ይመስላታል። አምስት ዓመት ሲሞላው ይበልጣታል። ከዚያ ወዲያ በእናትና በልጅ መካከል የሚቀረው "ብላ"፣ "ተኛ"፣ "ቶሎ በል" ብቻ ነው። የልጁ ሐሳብ እያደገ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ የሚወራው ግን እዚያው ሦስት ዓመቱ ላይ ቆሞ ይቀራል። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ልጆች ቢያስቸግሩት በምን ቋንቋ ነው የሚነግራችሁ? እናንተስ በምን ቋንቋ ታጽናኑታላችሁ?

አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አጠገባቸው ነበርኩ። ሐኪሙ ስለ ማሕፀኗ ይጠይቃል። ልጁ ቃሉን በጃፓንኛም አያውቀው፣ በአማርኛም አያውቀው። ሐኪሙን ያያል፣ እናቱን ያያል፣ በመጨረሻ የቦርሳውን ማንገቻ ይጠመዝዝ ጀመር። እናትየው "ደህና ነኝ በለው" አለችው። እንዲህ ተብሎ ከክሊኒክ ይወጣል? ልጅን እዚህ ቦታ ማስቀመጥስ ግፍ አይደለም? እባካችሁ ወረዳው አስተርጓሚ ያገናኛችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ይዛችሁ አትሂዱ።

ይህን ሁሉ የምለው በእኔም ቤት ስለደረሰ ነው። ለትልቁ ልጄ አስተማሪው "ቤት ውስጥም ጃፓንኛ አውሩት፣ ወደ ኋላ እንዳይቀር" ብሎ መከረን። ቅን ሰው ነበር። እኛም እሺ አልን። ልጁ ወደ ኋላ አልቀረም፤ ዛሬ የወረዳውን ደብዳቤ የሚያነብልኝ እሱ ነው። ደሴ ያሉት አባቴ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ግን ስልኩን ሳቀብለው "ደህና ነህ?" አላቸው። አያቱን! ከዚያ ዝም። ስልኩን መለሰልኝ። ወር በወር የምልከው ብር ለአባቴ ይደርስ ነበር፣ የልጅ ልጃቸው ድምፅ ግን ሳይደርሳቸው አረፉ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያ "ነህ" ደግሞ የልጁ ጥፋት አይደለም። ለአስተማሪው ጎንበስ ብሎ በጃፓንኛ የአክብሮት አነጋገር ይናገራል፣ አሳምሮ ያውቅበታል። በአማርኛ ግን እሱ የሚሰማው እኔና እናቱ "አንተ"፣ "አንቺ" ስንባባል ብቻ ነው። አያት በሌለበት ቤት "እርስዎ" የሚባል ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ለአገር ቤት ሽማግሎች ስትደውሉ መኝታ ቤት ገብታችሁ አትደውሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉና ልጆቹ ፊት አውሩ። "እንዴት አደሩ? እግርዎን እንዴት አደረገዎት?" ስትሉ ይስሙ። እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ገና ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ እሑድ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳ የሚቀርብበት ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ክፍለ ጊዜ አታገኙም።

ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ አውሩ፤ እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ወሬ። ጃፓንኛው ያንሰዋል ብላችሁ አትፍሩ። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነው፣ ጓደኞቹ ጃፓኖች ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ጃፓንኛ ነው። ጃፓንኛ የሚያስተምረው አገር ሙሉ ሕዝብ አለ፤ አማርኛ የሚያስተምረው ከናንተ ሌላ የለም። የተሰባበረ ጃፓንኛ ከምትሰጡት የተሟላ አማርኛ ስጡት። ስለ ሥራችሁ ንገሩት፣ ተረት አውሩለት፣ ተከራከሩት፣ ሲያጠፋም በአማርኛ ተቆጡት።

"ፊደሉ ይከብደዋል" የምትሉም አላችሁ። ኧረ ወገን! እዚህ አገር ያለ ልጅ አንደኛ ደረጃን ጨረሰ ለመባል 1,026 የቻይና ምልክት (ካንጂ) ይማራል። በዚያ ላይ ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ የጃፓን ፊደላት አሉ። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ለዚያውም ሥርዓት አለው። ደግሞ እኮ የጃፓን ልጅ ፊደል አንድ ድምፅ ከነአናባቢው እንደሚይዝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃል። ሂራጋናው ላይ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ነው የተማረው። የኛን ቅደም ተከተል አስይዙት እንጂ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ኤቢሲዲ ብቻ ከሚያውቀው የአሜሪካ ልጅ ይልቅ ለፊደላችን ይቀርባል። ከመቶ የን ሱቅ ትልልቅ አራት ማዕዘን ያለውን የተማሪ ደብተር ግዙ፤ ካንጂ የሚለማመዱበትን ማለቴ ነው። በመሃሉ ነጠብጣብ መስመር አለው። "ጨ"ን እዚያ ውስጥ ሲጽፍ እግሮቹ የት እንደሚያርፉ ያያል። ትንሿ ልጄን በዚህ ደብተር ነው ያስተማርኳት፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ከእራት በፊት። ዛሬ ለአያቷ ደብዳቤ ትጽፋለች።

አሁን ደግሞ የሚያበሽቀኝን ልናገር። ልጁ እንደምንም ደፍሮ በሰው ፊት አማርኛ ሲሞክር "ቁርስ" ለማለት "ኩርስ" ይላል። ጃፓንኛ ውስጥ ቀ፣ ጠ፣ ጨ የሚባል ድምፅ የለም፣ ምላሱ አልለመደም። ክርስትና ቤት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ይስቃል። "እስቲ ድገመው፣ እስቲ ድገመው" ይባላል፣ በስልክ ይቀረጻል። ልጁ ያን ቀን አፉን ይዘጋል፣ ድጋሚም አይከፍተውም። ከዚያ ወላጁ "የኛ ልጅ አማርኛ አይወድም" ይላል። አይወድም? አሳቃችሁበት እኮ! በልጆች አማርኛ መሳቅ ይቅር። የሚስቅ እንግዳ ካለ ፊት ለፊት "ተው" በሉት፣ አጎትም ቢሆን።

ገንዘብ ካላችሁ በሐምሌ መጨረሻ ልጆቹን ይዛችሁ አገር ቤት ሂዱ። የቶኪዮ ትምህርት ቤቶች ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ይዘጋሉ፤ አገር ቤትም ክረምት ስለሆነ የአክስት የአጎት ልጅ ሁሉ ቤት ነው። ቡሄ ይደርስላቸዋል። ጅራፍ ሲጮህ፣ ልጆች "ሆያ ሆዬ" እያሉ በር ለበር ሲዞሩ፣ ሙልሙል ተቀብለው ሲመለሱ የማንም ልጅ ዳር ቆሞ አያይም። ከናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ኮሪያ ኢንቾንን ነክቶ አዲስ አበባ የሚገባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አለ። ትኬቱ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለሠርግ ልብስና ለድግስ ከምናወጣው ግን አይበልጥም። አገር ስትደርሱም ሆቴል አትያዙ፣ አያቶቹ ቤት ተኙ።

ባለቤታችሁ ጃፓናዊት ወይም ጃፓናዊ ከሆነ ሥራው የናንተ የብቻችሁ ነው። አንድ ወንድማችን ለልጁ ከተወለደች ጀምሮ ከአማርኛ ሌላ ተናግሯት አያውቅም፣ ሚስቱ ፊትም ቢሆን። መጀመሪያ አካባቢ ሚስቱ ተቀይማ ነበር፣ በኋላ ራሷም መስማት ጀመረች። ልጅቷ አሁን አራተኛ ክፍል ናት። ክፍሏ ውስጥ ስለ ኦሎምፒክ ሲማሩ ተነሥታ የአበበን ታሪክ አባቷ በአማርኛ እንደነገራት አድርጋ በጃፓንኛ አወራችላቸው፤ አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ስሙን በኛ ፊደል አጻፈቻት።

ልጃችሁ ጎረምሳ ከሆነም አልረፈደም። ከትልቁ ልጄ ጋር አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እራት ስንሠራ በአማርኛ ብቻ እናወራለን። ይሳሳታል፣ አርመዋለሁ፣ አንዳንዴ ይናደድና ያቆማል፣ በሳምንቱ ግን ይመጣል። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተሰባሰቡ። በየሰፈሩ ያሉት የወረዳው ማዕከሎች ለነዋሪ ክፍል በርካሽ ያከራያሉ፤ ወረፋ ስላለው ቀደም ብላችሁ ያዙ። ማኅበር፣ ሊቀመንበር፣ ማኅተም ምናምን እያላችሁ ስድስት ወር አትፍጁ። ፊደል ገበታ ለጥፉ፣ ደብተር አድሉ፣ ቡና አፍሉ፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በአማርኛ የሚጫወቱት ጨዋታ ስጧቸው፤ ቆራቆሩም፣ ብይም፣ ሱዚም ይሆናል። ዮትሱጊ ወይም እዚያው አጠገብ ታቴይሺ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ከሆናችሁ ንገሩኝ፣ ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።