ለወጣት የሳይንስ መምህራን፦ «በምን አወቅህ?» በሏቸው

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የፊዚክስ መምህርት ደውላ «ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ሙከራውን ይሠራሉ፤ ማብራሪያ ጻፉ ስላቸው ግን የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር ገልብጠው ያመጡልኛል። ምን ይሻላል?» አለችኝ። በስልክ የመለስኩላት አጭር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ፣ ለእሷም ለእናንተም ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ጊዜው ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ወደየትምህርት ቤቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ እየለኩ ነበር፤ ለየቡድኑ አንድ ቢከር፣ አንድ ቡታጋዝና አንድ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር። ውኃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆመ። ቢጠብቁም፣ እሳቱን ቢጨምሩም ንቅንቅ አላለም። ደብተር ስሰበስብ ግን 100 ብለው ጽፈዋል። አንዳንዱ ላይ 91 በላጲስ ተፍቆ ጥላው ይታያል። አንድ ልጅ ብቻ 91ን እንዳለ ትቶታል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ ምግቡን ራሱ እያበሰለ የሚማር ልጅ ነው። ከሥሩ «እኛ ጋ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል፤ እዚህ ግን ያስቸግራል። ምናልባት እዚህ የሚፈላው ውኃ ሙቀቱ ያንሳል» ብሎ ጽፏል።

ለክፍሉ አነበብኩት፤ ተንጫጩ። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው» አሉ። ከግሮሰሪ ፍሪጅ በረዶ አስመጥተን ከተትነው፤ በረዶው እየቀለጠ 0 አነበበ። «ውኃው ንጹሕ ስላልሆነ ነው» አሉ። ጨው በብዛት ጨመርንበት፤ ንባቡ ትንሽ ከፍ አለ እንጂ አልወረደም። ሁለቱ ግምቶች ወደቁ፤ የልጁ ቀረ። እሱም እጁን አውጥቶ «ለገና አገር ቤት ስሄድ ቴርሞሜትሩን ይስጡኝና እዚያ ለክቼ ልምጣ» አለ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለክቶ ቢሆን 95 ወይም 96 ያነብ ነበር።

አልተፈቀደለትም። በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ቅጽ) ከመጋዘን የወጣ ንብረት ከግቢ አይወጣም ተባለ። ልጁ ባዶ እጁን ሄደ፤ ሲመለስ እኛ ሌላ ምዕራፍ ጀምረናል። በዓመቱ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ያ መለኪያ ሳይሄድ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁ ሳያውቀው ያሰበው ትልቅ ነገር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ብሌዝ ፓስካል፣ የእህቱ ባል ፍሎሪን ፔሪዬ የአየርን ግፊት በሜርኩሪው ቁመት የሚያሳይ ቱቦ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩ ደ ዶም የሚባለው ተራራ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ጫፉ ላይ የሜርኩሪው ቁመት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀነሰ። እኔን ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ፣ ፔሪዬ ሁለተኛ ቱቦ ታች ከተማው ገዳም ውስጥ ትቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቁት ማድረጉ ነው። የታችኛው ባለበት ስለቆየ «የዕለቱ አየር ተለውጦ ይሆናል» የሚለው መከራከሪያ ቦታ አጣ።

ተማሪዎቻችሁ ድምዳሜ አያጡም፤ ቁጥሩንም ይጽፋሉ። የሚጎድላቸው ሁለቱን የሚያገናኘው አመክንዮ ነው። «ከፍታ ላይ ስለሆንን 91 ላይ ፈላ» ያለ ተማሪ ገና አላብራራም። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ውኃ የሚፈላው የትነት ግፊቱ፣ ማለትም የራሱ እንፋሎት የሚገፋው ግፊት፣ ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነውና፣ ከፍታ ላይ ባነሰ ሙቀት እዚያ ይደርሳል። ከዚህ አንዱን ሲዘል «ይኼ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ አስቁሙት።

መልሱን አትንገሯቸው፣ ራሳቸው ይድረሱበት ስል ኖሬአለሁ፤ አሁንም እላለሁ። የአየር ግፊትን ግን ንገሯቸው። ቴርሞሜትር ላይ ብቻ አፍጥጦ ግፊትን ያገኘ ተማሪ አላየሁም።

የዛሬ ልጆች ስልካቸውን ጠይቀው ያማረ ዓረፍተ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ «በምን አወቅህ?» ሲባሉ ዝም ይላሉ። ይህ ያሳዝነኛል። መምህርን ለመሞገት ግን እንደ እኛ ዘመን አይፈሩም፤ በዚህ ይበልጡናል። ያ ድፍረት መለኪያ በያዙበት ሰዓት እንዲመጣ አድርጉ።

መምህርቷ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ፈተና ላይ የሚጠበቀው 100 ነው፤ አላሳስታቸውም?» ብላኝ ነበር። አታሳስቻቸውም። 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ይህን የተረዳ ልጅ ፈተናው ላይ 100ን ያጠቁራል፤ የቤተ ሙከራ ደብተሩ ላይ ያየውን ይጽፋል። ያየውን ለጻፈ ሙሉ ነጥብ ስጪ፤ በላጲስ ለፋቀው ደግሞ ደብተሩን መልሺለትና ውኃውን እንደገና ያፍላ።