የሳንባ ምች ክትባት የወሰደ ልጅ ለምን በሳንባ ምች ይታመማል?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። በሕፃንነቱ የሳንባ ምች ክትባትን ሦስቱንም ጊዜ በቀጠሮው አስከትቤዋለሁ፤ ካርዱም በእጄ ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር በሳንባ ምች ታሞ አራት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ። ክትባቱ አልሠራም ማለት ነው? እህቱ የአምስት ወር ሕፃን ስትሆን ሁለት ጊዜ ተከትባለች፤ ለሦስተኛው በተቀጠረችበት ቀን ግን ጉንፋን ይዟት ስለነበር ሳልወስዳት ቀረሁ፤ ቀጠሮው ካለፈ አሁን ሰባት ሳምንት ሆኖታል። እንደ አዲስ መጀመር ይኖርባት ይሆን? ዘመዶቼ ደግሞ ትኩሳት እንዳይነሣባት ከመርፌው በፊት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ስጫት ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንኳን ልጅዎ ተሽሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ግራ የተጋቡበት ነገር ምንጩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ክትባቱን የምንጠራበት ስም ነው። የሳንባ ምች የበሽታ ስም ነው፤ ክትባቱ የተሠራው ግን በሽታውን ከሚያስከትሉት በርካታ ተሕዋስያን መካከል አንዱን፣ ኒሞኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ለመከላከል ነው። ሳንባን የሚያጠቁ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ከባክቴሪያዎችም ቢሆን ኒሞኮከስ ብቻውን አይደለም። ስለዚህ ልጅዎን ያሳመመው ይህ ክትባት የማይመለከተው ሌላ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል።

ኒሞኮከስም ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ባክቴሪያው ከስኳር ሰንሰለት በተሠራ ሽፋን የተጠቀለለ ሲሆን፣ በዚህ ሽፋን ልዩነት ከ100 በላይ ዓይነቶች እንዳሉት ታውቋል። ክትባቶቹ የሚይዙት ከእነዚህ ውስጥ ብርቱ ሕመም በማስከተል የታወቁትን ጥቂቶቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው የሕፃናት ክትባት 7 ዓይነቶችን ይዞ ነበር፤ ኋላ 10 እና 13 የያዙት መጡ፤ ዛሬ 15 እና 20 የያዙም አሉ። ቁጥሩን ማሳደግ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት፣ በክትባቱ የተመቱት ዓይነቶች ሲመናመኑ ያልተካተቱት ቦታቸውን መያዝ መጀመራቸው ነው፤ ለምሳሌ ሰባቱን የያዘው ክትባት ከተስፋፋ በኋላ 19ኤ የተባለው ዓይነት በጎላ ሁኔታ ጨምሮ ነበር።

ስሙ በሌላ አቅጣጫም ያሳስታል፤ የክትባቱን ጥቅም አሳንሶ ያሳያል። ኒሞኮከስ በብዙ ጤናማ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መሐል ጆሮ ቢዘልቅ የጆሮ ሕመም፣ ወደ ሳንባ ቢወርድ የሳንባ ምች ያስከትላል። ወደ ደም ሲገባ የደም መመረዝን፣ አንጎልን ወደሸፈነው ስስ ሽፋን ሲደርስ ደግሞ ማጅራት ገትርን ያመጣል። ሐኪሞች ከሁሉ የሚፈሩት የመጨረሻውን ነው፤ ሕፃኑ ቢተርፍ እንኳ የመስማት ችሎታውን ሊያጣ ወይም ከአእምሮ ዕድገት ችግር ጋር ሊቀር ይችላልና። ክትባቱ ብርቱ መከላከያ የሚሰጠው በተለይ በደምና በአንጎል ሽፋን ላይ ለሚደርሰው ለዚህ ከባድ ሕመም ነው። ልጅዎ ታሞ መዳኑን ይመለከታሉ፤ በክትባቱ ምክንያት ሳይታመም የቀረውን ግን ማንም ሊያሳይዎ አይችልም፤ የክትባት ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ከዚህም በላይ የተከተበ ሕፃን ባክቴሪያውን በአፍንጫው ተሸክሞ የመዞር ዕድሉ ስለሚቀንስ፣ አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት መከተብ ከጀመሩ በኋላ ክትባቱን ባልወሰዱት አረጋውያን ላይ ጭምር ሕመሙ ቀንሶ ታይቷል።

ወደ ልጅትዎ ልመለስ። እንደ አዲስ መጀመር አያስፈልጋትም። የወሰደቻቸው ሁለቱ ክትባቶች አይሰረዙም፤ የሰውነት መከላከያ የተማረውን በጥቂት ሳምንታት መዘግየት አይረሳም። ካርዷን ይዘው በተቻለ ፍጥነት ይውሰዷትና ካቆመችበት ትቀጥል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት አማራጭ መርሐ ግብሮችን ያቀርባል፦ ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ መስጠት፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ማጠናከሪያ መጨመር። የትኛው እንደሚሠራበት ካርዷ ላይ ተጽፏል። መዘግየቱን የማልወደው ከሁለት ዓመት በታች ያለው ዕድሜ ኒሞኮከስ ይበልጥ የሚያጠቃበት ስለሆነና እስከዚያ ድረስ መከላከያዋ ስላልተሟላ ነው።

ቀላል ጉንፋን፣ ሳል ወይም አነስተኛ ትኩሳት ክትባት ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም። የሚጠበቀው ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ወይም ብርቱ ሕመም የያዘው ልጅ እስኪሻለው ነው። ጨርሶ የማይከተበው ቀደም ሲል ለዚሁ ክትባት ወይም በውስጡ ላለ ነገር ብርቱ የአለርጂ ምላሽ ያሳየ ልጅ ነው። ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሌለው በሽታውን ሊያስይዛት አይችልም፤ የተወጋችበት ቦታ ቢቀላ ወይም ቢያብጥ፣ ብትነጫነጭ፣ ትኩሳትም ቢኖራት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋል።

ሽሮፑን አስቀድመው እንዳይሰጧት እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በቼክ ሪፐብሊክ በ459 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በክትባቱ ዕለት ትኩሳትን ለመከላከል ተብሎ ፓራሲታሞል የተሰጣቸው ሕፃናት ትኩሳታቸው ቢቀንስም፣ በደማቸው የተገኘው የመከላከያ መጠን ካልተሰጣቸው ያነሰ ነበር። ከክትባቱ በኋላ ትኩሳት ተነሥቶ ካስጨነቃት ግን በክብደቷ ልክ ቢሰጧት ነውር የለውም።

ክትባቱ ቢሟላም የሳንባ ምች ሊይዝ የሚችል በመሆኑ ምልክቱን መለየት ይጠቅምዎታል። ሕፃኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠሩ፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነውና በዚያው ቀን ይታይ። አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ቆጠራውን ትተው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጃችን ሲክል ሴል የተባለ የደም ሕመም አለባት። 13 ዓይነት የያዘውን ክትባት ጨርሳለች። ሐኪሟ አሁን 23 ዓይነት የያዘ ሌላ ክትባት ያስፈልጋታል አሉን። 23ቱን የያዘ ክትባት ካለ ለምን ከመጀመሪያው እርሱን አልሰጧትም?

መልስ፦ አባት ሆነው ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ በቁጥር ብቻ ካየነው የሚበልጠው ክትባት የሚሻል ይመስላል። ሁለቱ ግን አሠራራቸው ይለያያል። 23ቱን የያዘው የተሠራው ከባክቴሪያው ሽፋን ስኳር ብቻ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሰውነት ስኳሩን ብቻውን ሲያገኝ በቂ መከላከያ አያመርትም፤ በማስታወሻውም አይመዘግበውም። በሕፃናቱ ክትባት ውስጥ ግን ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቋል። የሕፃኑ ሰውነት ፕሮቲኑን በሚገባ ስለሚያውቅ አብሮት የመጣውን ስኳርም ለይቶ ይይዛል፤ ለረጅም ጊዜም ያስታውሰዋል። ስለዚህ መሠረቱ አስቀድሞ በዚህ ይጣላል፤ 23ቱን የያዘው ከሁለት ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ከመጨረሻው ክትባት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይጨመራል። የሐኪሟ ምክር ትክክል ነው።

ለእርሷ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረገው ሲክል ሴል ጣፊያን ገና በልጅነት ስለሚያዳክም ነው። ሽፋን ያላቸውን ባክቴሪያዎች ከደም አጣርቶ የሚያስወግደው በዋናነት ጣፊያ ስለሆነ፣ እርሱ ሲደክም ኒሞኮከስ በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። እስከ አምስት ዓመት በየዕለቱ ፔኒሲሊን መስጠት የተለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት በሲክል ሴል ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የኒሞኮከስ የደም መመረዝ ፔኒሲሊን በ84 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ክትባቱ ተሟልቷል ብለው መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ የሙቀት መለኪያው 38.5 ወይም ከዚያ በላይ ባሳየ ጊዜም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ሲክል ሴል እንዳለባትም ገና በር ላይ ይናገሩ።