ዋርሳዬ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ «ሰርቄያለሁ» ሊል ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። ልጆቼ ማታ ማታ ስልክ ላይ «ጀጅ ጁዲ» የሚባል የአሜሪካ የችሎት ፕሮግራም ያያሉ። ሰዎቹ ካሜራ ፊት ጥፋታቸውን ያምናሉ፤ ዳኛዋ ትቆጣና «ክፈል» ብላ ትሸኛቸዋለች። በካቴና ሲወሰድ ያየነው ሰው የለም። ይህን ያነሳሁት በዋርሳዬ ምክንያት ነው። ከ9 ዓመት በፊት የጎረቤታችንን በቅሎ ከጓደኛው ጋር ሌሊት ነድተው ደብረ ብርሃን ገበያ ሸጠዋል። አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። አንድ የእርቅ ፕሮግራም ጠርቶት፣ ከባለ በቅሎው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁሉንም ሊናዘዝ ነው። «ቴሌቪዥን እኮ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ምን ያመጣብኛል?» ይለናል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርድ ቤት አለመሆኑስ ልክ ነው። «ምን ያመጣብኛል» ያለው ላይ ነው የተሳሳተው።

መጀመሪያ የአሜሪካኖቹን እንይ። ጁዲ ሼንድሊን ኒውዮርክ ውስጥ የቤተሰብ ጉዳይ ዳኛ ነበረች። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር ግን ከመንግሥት ሥራዋ ጡረታ ወጥታለች። ካባው፣ መዶሻው፣ ጠረጴዛው ሁሉ የስቱዲዮ ዕቃ ነው። ፕሮግራሙ በ2021 እስኪያበቃ ድረስ ተከራካሪዎቹ በግልግል ዳኝነት ለመዳኘት ፈርመው ይገቡ ነበር። «ክፈል» የተባለውንም ገንዘብ፣ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ፣ ይከፍል የነበረው ፕሮግራሙ ነው። ልጆችሽ ይህን ሲሰሙ ሳይናደዱ አይቀሩም።

አንዱ ክፍል ላይ፣ ቦርሳዋን የተሰረቀች ልጅ በውስጡ የነበረውን ስትዘረዝር የጆሮ ማዳመጫም ትጠራለች። ተከሳሹ ቀበል አድርጎ፣ ማዳመጫ እንዳልነበረበት ያርማታል። ቦርሳውን ካልከፈተ በምን አወቀ? ዳኛዋም በሳቅ ፈነዳች። እሷ አታስረውም፤ የማሰር ሥልጣን የላትም። ዐቃቤ ሕግ ግን ያንን ቅጂ አንስቶ በሰውየው ላይ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። አምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያቸው የሚከለክለው በራስ ላይ እንዲመሰክሩ መገደድን ነው። እሱን ማን አስገደደው? ፈርሞ ነው የገባው። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች በእምነት ቃል ብቻ አይፈርዱም፤ ወንጀሉ መፈጸሙን የሚያሳይ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። ለትንንሽ ወንጀሎች ደግሞ ይርጋው፣ ማለትም ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለብዙዎቹ 1 ዓመት ብቻ ነው።

ወደ በቅሎዋ እንምጣ።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይከለክላል። ዋርሳሽ ግን አልተያዘም፣ አልተገደደም፣ ምናልባትም አበል ይከፈለዋል። ተራ ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 በቀላል እሥራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። የዚህ ይርጋ 10 ዓመት ነው። ዘጠኙ አልፏል። ይርጋውን ጠብቁ እያልኩሽ አይደለም፤ ግን ማወቅ አለባችሁ። ያኔ ምርመራ ተጀምሮ ከነበረ ደግሞ ቆጠራው ሊለወጥ ይችላል።

«ባለ በቅሎው ይቅር ካለኝ አበቃ» እንዳይላችሁ። ስርቆት ተበዳዩ ስለታረቀ ብቻ የሚዘጋ ወንጀል አይደለም። እርቁና ካሳው የሚጠቅሙት ለቅጣት ማቅለያ ነው። አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ ጥፋትን ማመንንና ጉዳት መካስን እንደ ማቅለያ ይቆጥራል።

ወጣት ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ የገጠመኝን ልንገርሽ። አንድ ሰውዬ በበግ ስርቆት ተጠርጥሮ ሽማግሌ ፊት ወይራ ሥር ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ ካደ። ከሳሹ «ቆዳቸውን ሳይቀር ሸጠሃል» ሲለው ግን ተበሳጨና «ቆዳውን እንኳ አልሸጥኩም፣ ቤት ነው ያለው!» አለ። እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ነጠላ ለብሶ የተቀመጠው የአክስቱ ልጅ ፖሊስ ነበር። ቆዳው ቆጥ ላይ ተገኘ፤ ጆሮው ላይ የከሳሹ ምልክት አለበት። እኔ ችሎት ፊት የያዝኩት ንግግሩን ብቻ አልነበረም፣ ቆዳውንም ነበር። እንሠራበት የነበረው የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሹ ችሎት ፊት ቢያምን እንኳ ዳኛው ማስረጃ እንዲሰማ ይፈቅድ ነበር። የዋርሳሽ በቅሎ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ገዢው ግን የሆነ ቦታ ይኖራል። የነገራችሁን ሁሉ ካሜራ ፊት ከደገመው፣ ገዢው የት እንደሚፈለግ ለፖሊስ ነገረው ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጓደኛው ነው። ዋርሳሽ «ከእገሌ ጋር ነዳናት» ብሎ ስም ከጠራ፣ ያ ሰው አላመነም፣ አልተጠየቀም፣ ምናልባት ዛሬ ሦስት ልጆች ያሉት የተከበረ ሰው ነው። ማስረጃ ከሌለ ዋርሳሽ በስም ማጥፋት፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613፣ ሊከሰስ ይችላል። የራሱን ይናዘዝ፤ የሰውየውን ይተውለት።

ደግሞ የሚቀረጸው ሁለት ሰዓት፣ የሚተላለፈው ሃያ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠውም ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። «ይሄን አታስተላልፉት» ማለት «ይሄን አጥፉት» ማለት አይደለም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከቀረጻው በፊት አንድ ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃንም ይሁን አዲስ አበባ፣ የሚፈርመውን ወረቀት ያንብብለት። ከዚያ በፊት ግን መሐል ሜዳ ሦስት ሽማግሌ ይላኩ፤ ካሳው በጽሑፍ፣ በምስክር ይከፈል። ዋጋውን በዛሬ ገበያ አስቡት። የዛሬ 9 ዓመቱን ዋጋ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ቡና እንኳ ሳይጠጣ ነው የሚመለሰው።