የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ መሆን ለምትፈልጊው የደሴ ተማሪ

ጥያቄሽ ደርሶኛል። ደሴ ላይ የሕግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ስለ ጀርመንና ስለ ደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶች ተምረሽ «እኔም እንደዚያ ያለ ፍርድ ቤት ዳኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ ጓደኞቼ ግን እንጀራ አይሆንሽም ይሉኛል፣ ከየት ልጀምር?» ብለሻል።

አብሽሪ እህቴ። ግን እቅጩን ልንገርሽ፦ የምትመኚው ወንበር እዚህ አገር የለም። ሥራው ግን አለ።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 የመተርጎም ሥልጣኑን የሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች እንጂ ዳኞች አይደሉም። ስለዚህ የሕጉን ሥራ የሚያግዛቸው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመላቸው። 11 አባላት አሉት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትሉ በሰብሳቢነትና በምክትል ሰብሳቢነት ይመሩታል፣ ሦስቱ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ይመጣሉ፣ የቀሩት 6 ደግሞ በሙያቸውና በሥነ ምግባራቸው የተመሰከረላቸው የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ሕልምሽ በእኛ አገር የሚቀርበው ለእነዚህ ስድስት ወንበሮች ነው። እዚያም ቢሆን ጉባኤው አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ምክር ቤቱ ነው፣ ያውም ሐሳቡ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ።

ሰበርን፣ ማለትም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትን፣ ከዚህ ጋር እንዳታምታቺው። ሰበር መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያርማል፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም የሕግ ትርጉሙ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። የሕገ መንግሥት ክርክር ሲነሳ ግን መንገዱ ወደ ጉባኤው ነው።

ፖለቲከኞች የሚዳኙት ነገር ምን ሕግ አለው ትይኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም ነጻ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቢኖረን ከሚሉት ወገን ነኝ። ቢሆንም ባለው አሠራር የሰው ሕይወት የነካ ውሳኔ ተሰጥቷል። ለወሎ ልጅ ቅርብ የሆነውን ልጥቀስልሽ። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር የሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲዳኛት አልፈቅድም ብላ ተቃወመች፣ ፍርድ ቤቱ ግን ቀጠለ። ጉዳዩ ምክር ቤቱ ድረስ ሄዶ በ1996 ዓ.ም. ተወሰነላት፤ አንቀጽ 34 የሃይማኖት ዳኝነትን የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነውና። በኮሮና ምክንያት ምርጫ ሲራዘም ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የሕግ ባለሙያዎች ጉባኤው ፊት ሲከራከሩ አገር በቴሌቪዥን ተከታትሏል። ያን ጊዜ ገና ተማሪ ቤት ነበርሽ መሰለኝ፣ ቪዲዮውን ፈልገሽ እዪው።

አሁን ወደ እንጀራው። ጉባኤው ጽሕፈት ቤት አለው፣ አቤቱታ የሚመረምሩ የሕግ ባለሙያዎች ይሠሩበታል። ምክር ቤቱም እንዲሁ። ከዚያ ውጭ ዳኝነት፣ ዐቃቤ ሕግነት፣ ጥብቅናና መምህርነት አለልሽ። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ችሎት ግቢ እላለሁ። ፋይል ያላገላበጠ ሰው ስለ ሕገ መንግሥት የሚጽፈው አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ከፍርድ ቤት ደጅ ራፖር ጸሐፊ የጻፈውን አቤቱታ አንብበሽ ታውቂያለሽ? «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሷል» ይላል፤ የትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ሕግ ወይም ውሳኔ እንደተጣሰ ግን አይልም፣ የመጨረሻ ፍርዱም አልተያያዘም። ወደ ጉባኤው ከሚሄደው አቤቱታ አብዛኛው «ትርጉም አያስፈልገውም» ተብሎ የሚዘጋው አንድም የማስረጃ ወይም ተራ የሕግ ክርክር የሕገ መንግሥት ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ነው ሙያው። የለየ ሰው ደግሞ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ደንበኛ አያጣም።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ሳምንት በመረጥሽው ቀን የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግልጽ ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ። የመሬት፣ የውርስ፣ የፍቺ ጉዳይ ስትሰሚ «እዚህ ውስጥ የሕገ መንግሥት ጥያቄ አለ ወይስ የለም?» ብለሽ ደብተርሽ ላይ በአንድ ገጽ መልሺው። ጉባኤው የሚሠራበትን አዋጅ 798/2005ን ከጎንሽ አድርጊ፣ አጭር ነው፣ በአንድ ማታ ይነበባል። ለልምምድ ስትወጪ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበትን ቦታ ምረጪ። ሦስት አራት ገጽ ስትጽፊ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።